ቨርን ያልዘጋው በር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ቨርን ሃልቮርሰን የዘፈኑን ግጥም የሰማው የከተማው ልጅ ሁሉ ካጠናው በኋላ ነው። ዘፈኑ ከፋሲካ ወዲህ በገዛ ጋራዡ ውስጥ ሲደለቅ ከርሟል። ግን ጊታሩ ሲጮህ፣ ድራሙ ሲንጓጓ፣ የልጁ የቶቢን ድምፅ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫው እየተሳበ ሲወጣ፣ ከግድግዳው ወዲህ ላለ ሰው የሚደርሰው ጫጫታ ብቻ ነበር። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ዕቃው ሁሉ ተጠቅልሎ ለመጫን ተዘጋጅቷል፤ ልጆቹም ያለ ኤሌክትሪክ፣ ጭናቸውን እየመቱ ይለማመዳሉ። ቨርን ወጥ ቤት ቆሞ ዳቦ ላይ የኦቾሎኒ ቅቤና ማርማላታ እየቀባ የመንገድ ስንቅ ያዘጋጃል። ቢላዋው አየር ላይ እንዳለ የልጁን ቃል አንድ በአንድ ሰማው።

«ዝናብ ላዬ ላይ፣ ሻንጣዬ ደጅ ላይ፣
ከመስኮቱ ሆነህ ስታየኝ ሳይ፣
አባዬ፣ ምን አልከኝ?»

ሌሎቹ ሁለቱ ልጆች በአንድ አፍ «ውጣ!» አሉ። ቶቢን ደገመ፣ «አባዬ፣ ምን አልከኝ?» እነሱም ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ «ውጣ!»

ቨርን መጀመሪያ የገረመው ዝናቡ ነው። እኛ ከተማ፣ ፓሎ ሴኮ፣ ዝናብ የሚባል ነገር ከየካቲት ወዲህ አላየንም፤ የየካቲቱም ቢሆን የመኪና መስታወት እንኳ ሳያጥብ ነው የሄደው። ቀጥሎ የገረመው ሻንጣው ነው። ቶቢን ያለው ሻንጣ አንድ ብቻ ነው፤ ዚፑ የተበላሸ፣ አልጋ ሥር ተቀምጦ ነጠላ ካልሲ የሚጠራቀምበት። «አባዬ» የሚለው ቃል ሆዱ የደረሰው ከሁሉም በኋላ ነው። የዚህ ቤት አባት እሱ ነው፤ ሌላ የለም። ቢላዋውን አስቀምጦ የአባትነት ኃጢአቱን ይመረምር ጀመር። በልጁ ላይ በር የዘጋበትን ቀን ሲፈልግ የመጣለት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተርብ ልትገባ ስትል ነው። የጮኸበትን ቀን ፈለገ፤ ቶቢን ከሰው ጣሪያ ላይ በስኬትቦርድ፣ በዚያች ባለ አራት ጎማ ጣውላው፣ ሊዘል ሲል ጮኾበታል፣ ማታውን ግን አይስክሬም ገዝቶ ክሶታል። ቨርን ያላዘዘው ፒዛ ሲመጣለት እንኳ «እሱም ምግብ ነው» ብሎ የሚበላ ሰው ነው። ሥራው የሰው መዋኛ ገንዳ ማጽዳት ነው፤ የራሱ ገንዳ የለውም። ለጥገና ውሃው የተደፋ ገንዳ ሲያጋጥመው እራት ላይ እንደ ወሬ ያነሳዋል፤ ልጆቹ ደግሞ ባለቤቶቹ ሥራ ሲሄዱ አጥር ዘለው ይገቡና ደረቁ ገንዳ ውስጥ በስኬትቦርድ ሲንሸራተቱ ይውላሉ። «ሰዎቹ ገንዳቸው ውስጥ ጥቁር ጥቁር መስመር አገኘን ይላሉ፤ ከምን ይሆን የሚመጣው?» ብሎ ስንት ቀን ተጨንቋል! እንግዲህ ልጁ በአደባባይ ጨካኝ ያደረገው ይህንን ሰው ነው። ቨርን አልተቆጣም። ሆድ ባሰው እንጂ።

ሚስቱ ረኔ በምትሠራበት የጨርቅ ሱቅ የቅዳሜ ተራ ስለደረሳት ቁልፏን እየፈለገች ገባች።

«ግጥሙን ሰምተሽዋል?» አላት።

«የቱን?»

«እኔ ቶቢንን ያባረርኩበትን።»

«እሱንማ የማያውቅ የለም» አለች፣ ከዳቦው ጠርዝ ቆርሳ አፏ ውስጥ እየከተተች። «ዘፈን እኮ ነው ቨርን። አንተስ ዘፈን ወጣልህ። አሥራ ሰባት ዓመት ተንከራትቼ ያሳደግኩት እኔ አንዲት መስመር እንኳ የለችኝም፤ እኔ ምን ልበል?» ቁልፉን ከፍራፍሬው ሳህን ውስጥ አገኘችው፣ ጉንጩን ሳም አድርጋው ወጣች። ቨርን የቀረውን ዳቦ ቀባ። ከሌላው ቀን ይልቅ ማርማላታውን አበዛው፤ ጨካኝ አለመሆኑን በምን ያስረዳ?

ያን ቀን ሹፌር የሆነው በዕድሉ ነው። የባንዱን ዕቃ የሚያመላልሰው የማሪቤል የአጎት ልጅ ነበር። ማሪቤል የጥርስ ሐኪሙ የኦካምፖ ልጅ ናት፣ ባስ ጊታር ትመታለች፣ የሚያስቃት ነገር ሲኖር እንኳ ፊቷን አታበላሽም። ይህ የአጎቷ ልጅ ሴት ጓደኛው ጥላው ስትሄድ ልጆቹ ስለ ሐዘኑ ዘፈን ጻፉለት፤ ልጅቷ ዘፈኑን ሰማችና አልቅሳ ተመለሰች፤ አሁን ሁለቱ ተያይዘው ባሕር ዳርቻ ሄደዋል፣ ቫኑንም ይዘው። «ከእንግዲህ ስለ ዘመድ አንጽፍም» አለች ማሪቤል። ስለዚህ ድራሙና ስፒከሮቹ በቨርን የሥራ ቫን፣ በገንዳ መጥረጊያና በጎማ ቱቦ መሀል ተጫኑ። መኪናዋ ውስጥ ያለው የክሎሪን ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ልጆቹ ግን ወደዱት፤ እነሱ የማይወዱት ነገር ቢኖር ንጹሕ መኪና ነው።

ድራም መቺው ዌስ ከኋላ፣ ከትልቁ ከበሮ ጎን ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። ረዥም፣ ከሲታ፣ ፀጉሩ ዓይኑን የጋረደ ልጅ ነው። ለእያንዳንዷ ነገር «አመሰግናለሁ ሚስተር ቨርን» ይላል፤ ሳህን ሲያጥብ ከሥሩ ጭምር ያጥባል። ከፋሲካ ወዲህ የሚያድረው እነሱ ጋራዥ ውስጥ፣ አሮጌው ሶፋ ላይ ነው፤ ቤታችን ቀለም እየተቀባ ነው ብሏል። ቨርን ያኔ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቆት ነበር። «ነጭ» አለ ዌስ። «ውጭውን ነው ውስጡን?» «ሁለቱንም።» ባለፈው ሳምንት ቨርን በዚያ ሰፈር ሲያልፍ ቤቱ እንደ ድሮው ቡናማ፣ እንደ ድሮው የተላላጠ ሆኖ አየው። የመጣለት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ ዘንድሮ ቀለም ቀቢ እንዴት ሰነፈ!

መንገድ ጀመሩ። ማሪቤል አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር ትለጥፋለች። ቶቢን ከአባቱ ጎን ተቀምጦ በመስኮቱ ይመለከታል፤ የጎማ ሱቁ አለፈ፣ የመኪና ማጠቢያው አለፈ፣ የልብስ ንጽሕና መስጫው አለፈ። ስለዚህ ሁሉ «ይቺን ከተማ ጥለን እንሄዳለን» የሚል ዘፈን አላቸው። ጥሩ ዘፈን ነው፤ ሁላችንም ስንዘፍነው ኖረን ማንም የትም አልሄደም። ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ ዌስና ማሪቤል ለመጠጡ በረዶ ሊገዙ ወረዱ። ትልቁ ከረጢት በረዶ አንድ ዶላር ተኩል፣ አራት ጣሳ ለስላሳ ደግሞ ሁለት ዶላር። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ቨርን መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው፤ መኪናው ግን ቆሟል።

«ቶቢ፣ እኔ በር ዘግቼብህ አውቃለሁ?» አለው በመጨረሻ።

ቶቢን ዞረ። ጆሮው ቀላ። «ሰማኸው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«አባዬ፣ አንተ አይደለህም እኮ!»

«አባዬ ነው የሚለው።»

«እሱማ አዎ... ግን አንተ አይደለህም።» ቶቢን የሱቁን በር በዓይኑ ጠበቀ፤ ዌስ በረዶ ማቀዝቀዣው ላይ ጎንበስ እንዳለ ነው። «የዌስ ነው። አባትየው ድራሙን ሽጥ አለው። አልሸጥም አለ። በቃ፣ ድራሙንም እሱንም ደጅ አወጣቸው። ቤታቸው ቀለም ምናምን እየተቀባ አይደለም። ያን ቀን እኔ ሄጄ ነው በጋሪ የጫንነው።»

ቨርን እጁን ከመሪው ላይ አወረደ። የቡናማውን ቤት ልጣጭ አስታወሰ። «ታዲያ ለምን 'የዌስ አባት' አትሉም?»

«ዌስ እንዲታወቅ አይፈልግም። ሰው ካወቀብኝ አውቶቡስ ይዤ አሪዞና አክስቴ ጋ እሄዳለሁ ብሏል። ያደርገዋል አባዬ፣ ታውቀዋለህ። አክስቱ ደግሞ ድመት እንጂ ሰው አትወድም። ግን ዘፈኑ እንዲኖር ፈለገ። 'ባንተ አባት አድርገው፣ ሚስተር ቨርን እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማንም አያምንም' አለኝ።» ቶቢን ግንባሩን አሸ። «ማን ያምናል ብለን ነበር። አመኑ።»

«ዝናቡስ?»

«ዝናቡን እኔ ጨመርኩት። ያለ ዝናብማ አይዘፈንም።»

ቨርን ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቱ አፈረ። የራሱን ሸክም ሲያወርድ የሌላው ልጅ ሸክም ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ይህ ሁሉ ጊዜ በሱ ጣሪያ ሥር የተባረረ ልጅ ተኝቶ፣ እሱ ስለ ቀለም ይጠይቃል! ቶቢን እጁን ያዘው፤ «እንዳወቅክ እንዳያውቅ። በዓይንህም ቢሆን።» ቨርን ማለ። ምስኪን፣ በሕይወቱ አንድ ነገር እንኳ ደብቆ የማያውቅ ሰው፣ ማለ። ዌስ በረዶውን ተሸክሞ ሲመጣ ቨርን ከመኪናው ወርዶ ከረጢቱን ተቀበለው፣ «ከፊት ትቀመጣለህ? ፀሐይ አልበዛብህም? ምሳ በልተሃል?» እያለ ተንከባከበው። ቶቢን ተከትሎት ወርዶ ከኋላው ቁርጭምጭሚቱን በጫማው መታው። ዌስ ግራ ተጋብቶ፣ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ ሚስተር ቨርን» አለ።

ትርኢቱ የሚካሄደው በጡረተኛ ወታደሮች አዳራሽ ነው። አዳራሹ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ የተወለወለ የእንጨት ወለል፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ ባንዲራ አለው። ከቀትር በኋላ ለልጆች ይከራያል፣ ሲመሽ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ቢንጎ ይጫወቱበታል፤ ስለዚህ የኛ ከተማ ፐንክ፣ ያ የጩኸት ሙዚቃ፣ ሁልጊዜ በጠራራ ፀሐይ ይጀምርና ከእራት በፊት ያልቃል። መግቢያው አምስት ዶላር ነው። ልጆቹ ባለ ጥቁርና ነጭ ዳማ ጫማቸውን፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቁምጣቸውን አድርገው፣ ፀጉራቸውን አረንጓዴና ሮዝ ተነክረው ይመጣሉ። እናት አባቶቻቸው ግን ከአዳራሹ ፊት እንዲያወርዷቸው አይፈቀድላቸውም፤ ጥግ ላይ፣ ዶናት ቤቱ ጋ ነው የሚያወርዷቸው። ማንም ሳያመጣው ብቻውን የመጣ ለመምሰል። ከዚያ ገብተው ስለ ብቸኝነት ይዘፍናሉ፣ ማንም አልተረዳኝም ይላሉ፣ መቼም አላድግም ይላሉ፣ ትታኝ ሄደች ይላሉ፣ ትናንት የተዋወቋት ብትሆንም። ሲያልቅ እናቶቻቸው ዶናት ቤቱ ጋ ይጠብቋቸዋል። የሚስቅባቸው ይሳቅ፤ እኔ ግን እንደዚያ አዳራሽ የሚያስደስት ቦታ አላውቅም። ሐዘኑን ሁሉ በሩጫ ይዘፍኑታል፤ ማንም ሰው እየዘለለ ብዙ ሊያዝን አይችልም።

ቨርን ዕቃ ካወረደ በኋላ የቲሸርት ጠረጴዛ እንዲጠብቅ ተመደበ። የባንዱ ስም «ዛሬ ትምህርት የለም» ነው፤ ቲሸርቱ ላይ የተቃጠለ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተስሏል፣ ስምንት ዶላር። ከጎኑ የሳንድዊቹን ሣጥን ከፍቶ ለሚያልፍ ሁሉ፣ «ውሰድ፣ ውሰጂ፣ በዝቷል» ይላል። አንዲት አጭር፣ ፀጉሯን ሰማያዊ የተነከረች፣ ጥርሷን በሽቦ ያሰረች ልጅ መጥታ ቲሸርቱን አገላበጠች። ስሟ ጆሲ ነው፤ የሌለችበት ትርኢት የለም።

«የማን ዘመድ ነህ?» አለችው።

«የቶቢን አባት ነኝ» አለ ቨርን። ኩራቱ ከአፉ ቀደመ።

ጆሲ ቲሸርቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «አንተ ነህ?»

ያኔ ነው ያደረገው ነገር የገባው። ግን ቃል ከወጣ አይመለስም።

«አንተ ነህ በዝናብ ያባረርከው?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሳንድዊች የያዙ ልጆች ማኘክ አቁመው ዞሩ። «ደግሞ መጥተህ ዳቦ ታድላለህ! አታፍርም? ልጅህ በየሳምንቱ እዚህ ቆሞ ሲያለቅስ እኛ ነን የምናባብለው!»

ቶቢን አልቅሶ አያውቅም፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ቢሆንም ቨርን አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «እኔ አይደለሁም» ቢል ይነፃል፤ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ማን ነው?» ነው። ጥያቄው ከተጠየቀ ደግሞ እስከ ማታ ከተማው ሁሉ መልሱን ያገኘዋል፣ የአሪዞናውም አውቶቡስ ይነሳል። ስለዚህ ክንዱን አጣምሮ፣ ግንባሩን አኮሳትሮ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ?» አለ። ፈጽሞ አልሆነለትም። አገጩ ላይ ማርማላታ ነበር።

«ለምን?» አለች ጆሲ። «ምን አደረገህ?»

ይህን አላሰበበትም። ሽቅብ ሲያይ ከልጆቹ ኋላ ዌስ የድራሙን የነሐስ ሳህኖች ታቅፎ ወደ መድረኩ ሊያልፍ ሲል ቆሟል። ፀጉሩ ፊቱን ሸፍኖታል፤ የሚታየው አፉ ብቻ ነው፣ እሱም ጭምቅ ብሏል። እርሱም መልሱን የሚጠብቅ ይመስላል። የቨርን የተጣመረ ክንድ በራሱ ጊዜ ተፈታ።

«ምንም አላደረገኝም» አለ። «ልጁ ምንም አላጠፋም። ለዚህ ነገር ምክንያት የለውም፤ ብፈልግም የምነግርሽ የለኝም። ትልቅ ሰው ልጅ ላይ በር አይዘጋም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሱ አይደለም። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ኩራት ይዞኝ ነው እንጂ ያኔውኑ፣ ደጁን ሳይለቅ መጠየቅ ነበረብኝ።»

 ጆሲ ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ውስጥ ቀረ። «ለኔ ምን ይነግሩኛል፣ ለሱ ይንገሩት» አለች፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «እነግረዋለሁ» አለ ቨርን። እሷም ጥቂት አሰበችና፣ «ያለ ማርማላታ አለ?» ብላ ወደ ሣጥኑ አጎነበሰች። ቨርን ቀና ሲል ዌስ ሄዷል። ሰምቷል፣ ያለ ጥርጥር ሰምቷል። ትወናዬን አየ ወይስ እውነቱን እንዳወቅኩ አየ? ቨርን ይህን እያሰበ ለአንዱ ልጅ ሁለት ቲሸርት በአንድ ዋጋ ሸጠ።

ትርኢቱ ሲጀመር ጠረጴዛ መጠበቅ የሚባል ነገር ቀረ፤ የሚገዛ የለም፣ ሁሉም ወደ ፊት ሮጧል። ከእንጨት የተሠራው መድረክ ከጉልበት አይበልጥም። ቶቢን ጊታሩን እስከ ጭኑ አውርዶ ይዘላል፤ ማሪቤል ሳትነቃነቅ፣ የባንክ ሠራተኛ መስላ ትመታለች፤ ዌስ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ቤት ውስጥ ወንበር ሲስብ እንኳ ድምፅ የማያሰማው ልጅ ድራሙ ላይ ሲቀመጥ ጣሪያውን ያወርደዋል። ከፊት ያሉት ልጆች በክብ እየሮጡ ይጋጫሉ። ቨርን ጠብ መስሎት ሊገላግል ገብቶ ነበር፤ አንዱ ሲወድቅ አራት እጅ ወርዶ ሲያነሳው፣ የሌላው ጫማ ሲወልቅ አንዲት ልጅ ባለቤቱ እስኪያየው ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ስትቆም ሲያይ ነው የገባው። ይህ ሁሉ ጩኸት፣ ይህ ሁሉ «ጠላሁ፣ መረረኝ» ደግነት ለብሷል። ሸሚዙ በላብ ረጠበ፣ መነጽሩን ኪሱ ከተተው፣ ሳያውቀው መዝለል ጀመረ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ጉልበቱም አላስታወሰውም።

ቶቢን የመጨረሻውን ዘፈን ሲጀምር ገና በመጀመሪያው ድምፅ አዳራሹ ጮኸ። ዝናቡ ወረደ፣ ሻንጣው ደጅ ወጣ። ዘፈኑ ልማድ አለው፦ ቶቢን «አባዬ፣ ምን አልከኝ?» ሲል መሣሪያው ሁሉ ቀጥ ይልና ማይኩ ወደ ሕዝቡ ይወርዳል፣ ሕዝቡ «ውጣ!» ሲል ዌስ ድራሙን ይመታና እንደገና ይፈነዳል። የመጀመሪያውን ዙር እንደዚያው አሉት። በሁለተኛው ግን ጆሲ የቨርንን እጅጌ ያዘች። «እዚህ አሉ!» ብላ ጮኸች። «አባትየው እዚህ ናቸው! ራሳቸው ይበሉት!» ልጆቹ በደስታ አበዱ። «ይበሉት! ይበሉት!» እያሉ፣ እየገፉ፣ እየሳቁ መድረኩ ሥር አደረሱት። ቶቢን አባቱን ሲያይ ፊቱ ነጣ፤ ግን አፉ ዘፈኑን ለምዷልና፣ «አባዬ፣ ምን አልከኝ?» አለ። ጊታሩ ዝም አለ። ባሱ ዝም አለ። ድራሙ ዝም አለ። ጆሲ ማይኩን ከቶቢን እጅ ነጥቃ የቨርን አፍ ላይ ደቀነችው።

ቨርን ሊለው ፈልጎ ነበር። ጨዋታ ነው፣ አንዲት ቃል ናት፣ ቢላት ሁሉም ይስቃል፣ ምስጢሩም እንደተሸፈነ ይቀራል። ቃሏን እስከ ምላሱ አመጣት። ቀና ሲል ግን ከነሐሱ ሳህኖች መሀል የዌስን ፊት አየ፤ ለአንዴ ፀጉሩ ከዓይኑ ላይ በላብ ተመልሶ ተለጥፏል። ልጁ እንጨቶቹን አንስቶ ቃሏን ይጠብቃል፤ ያችን ቃል ሰምቶ ለመምታት በየሳምንቱ ሲዘጋጅ የኖረ ልጅ ነው። ቨርን ዓይኑን ከሱ ላይ አልነቀለም። አይሆንም። በጨዋታም አይሆንም።

«ግባ» አለ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፣ በስፒከሩ ግን አዳራሹን ሞላው። ልጆቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ጆሲ ናት የቀደመችው፣ በሽቦው ጥርሷ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር፣ «ግባ!» አለች። ከዚያ ሦስቱ፣ ከዚያ ፊት ያሉት ሁሉ፣ ከዚያ ከበሩ ሥር የቆሙት። «ግባ! ግባ! ግባ!» እጃቸውን እያነሱ፣ እግራቸው ወለሉን እየደበደበ። ቢንጎ ሊጫወቱ ቀድመው የመጡት ሽማግሌዎችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከግድግዳው ማዶ አብረው ደበደቡ። ማን ይግባ፣ የት ይግባ፣ ከሦስት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቶቢን ያውቃል፤ ጊታሩን አቅፎ አባቱን ያያል። ማሪቤል ለአንዴ ፊቷን አበላሽታ ትስቃለች።

ዌስ ግን አልመታም። እንጨቶቹን ቀስ ብሎ አወረደ። ከወንበሩ ተነሳ።

ቨርን የኋለኛውን በር አየ። አበቃ፣ አወቀብኝ፣ ማልኩ ብዬ መሐላዬን በላሁ፣ ልጁ በዚህ በኋለኛው በር ወጥቶ ሄደ። በሩም ክፍት ነው፤ ፀሐይ ይገባበታል፤ የአውቶቡስ ጣቢያው ከዶናት ቤቱ አያልፍም። ዌስ ቆሞ በሩን አየው። ከዚያ ዞሮ ቨርንን አየው፤ ለረዥም ጊዜ፣ ሕዝቡ «ግባ!» እያለ ሲጮህ፣ እንደለመደው ሰው ሳይሆን እንደ አዲስ ሰው አየው። የቲሸርቱን ጫፍ አንስቶ ፊቱን ጠረገ። ላብ ብቻ አልነበረም፣ መደበቁንም ተወው። ወንበሩን በእግሩ ወደ ድራሙ ሳበና ተቀመጠ። እንጨቶቹን ከራሱ በላይ አነሳ። ድራም መቺ ማይክ የለውም፤ ያም ሆኖ ከፊት የነበርን ሁሉ ሰምተነዋል።

«ገባሁ!» አለና አራት ቆጥሮ መታው።